ስለ ባለ ዲግሪ ተዋንያንና ስለ ልጄ

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይሉ ነበር። ይህም ማለት ሰው የሚያውቀውን ነገር ሠርቶ ያሳያል እንጂ አስቀድሞ በአፉ አያውጀውም ማለት ነው። ዛሬ ግን ሙያ ከልብ ወጥቶ በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወደ ብዙው የአዲስ አበባ ቤት የገባ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያየው ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ባለ ዘርፍ ቆብ ደፍቶ፣ የተጠቀለለ ወረቀት ጨብጦ የቆመውን የቤቱን ልጅ ፎቶግራፍ ነው። እኔም በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ቤቴ፣ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ በዋናው ግድግዳ ላይ በክብር ሰቅየዋለሁ። በፎቶግራፉ የምትታየው ሴት ልጄ ናት። ዐምስት ዓመት ሙሉ የመድኃኒት ሙያ ተምራ በማዕርግ የተመረቀች ናት። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም በዚያ ፎቶግራፍ ሥር፣ በእርሷና በእኔ መካከል የተነሣው ክርክር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት 31 ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። የመዝገብ ቤት ሰው ሌላውን ሰው የሚያውቀው በፋይሉ ነው። አንድ ባለ ጉዳይ በመስኮት ሲመጣ ፊቱን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው የፋይል ቁጥሩን ነበር። በፋይሉም ውስጥ የትምህርት ማስረጃው ከሁሉ በፊት ይገኛል። ስለዚህ ወረቀት ያለው ሰው አለ፣ ወረቀት የሌለው ሰው የለም የሚል ልማድ በአእምሮዬ ውስጥ ሥር ሰድዶ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ነፍሷን ይማርና በኮልፌ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ እየሸጠች የልጃችንን የትምህርት ወጪ ከእኔ ደመወዝ ጋር የምታጋጥም ሴት ነበረች። ልጃችን ከመመረቋ አንድ ዓመት በፊት ዐረፈች። ስለዚህ ያ ፎቶግራፍ ለእኔ ፎቶግራፍ ብቻ አልነበረም፤ የሁለት ሰዎች ድካም የተከፈለበት ደረሰኝ ነበር።

ልጄ በአንድ መድኃኒት ቤት ሥራ ይዛ ሁለት ዓመት ያህል ከሠራች በኋላ፣ አንድ ማታ እራት እንደ በላን፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ መድኃኒት ቤቱ የምሠራው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ቴአትር እለማመዳለሁ» አለችኝ።

እኔም የምጨብጠውን አጥቼ፣ «ዐምስት ዓመት የተማርሽው አዝማሪ ለመሆን ነውን?» አልኋት።

እርሷ ግን ሳትቈጣ፣ ሳህኑን እያነሣች፣ «አዝማሪ ብሆንስ፣ አባዬ፣ ምን ነውር አለበት?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያች ማታ ጀምሮ አራት ወር ያህል ከአንድ ትሪ እየበላን አልተነጋገርንም ለማለት ይቻላል። «እንደምን አደርህ» ትለኛለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ከዚህ የሚያልፍ ቃል አልነበረንም። በእውነቱ ከሆነ ንዴቴ ስለ ክብር ብቻ አልነበረም። የመድረክ ሰው እንጀራ ዛሬ ተገኝቶ ነገ የሚጠፋ መሆኑን ስለማውቅ ፈርቼ ነበር። እኔ ብሞት ልጄ በምን ትኖራለች? የሚለው አሳብ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ሆኖም ይህን ፍርሃቴን በፍርሃትነቱ አልነገርኋትም፤ በስድብ መልክ ነገርኋት። ብዙ አባቶች እንዲህ እናደርጋለን።

ዝም ብዬ ከመቀመጥ ይልቅ ማስረጃ ለመሰብሰብ ቈረጥሁ። ለመዝገብ ቤት ሰው ከዚህ የሚቀለው ሥራ የለም። አሳቤም ይህ ነበር፤ የተማረ ሰው ወደ መድረክ እንደማይወጣ፣ ቢወጣም ሌላ ሥራ ስላጣ መሆኑን በስምና በዓመተ ምሕረት አረጋግጬ በፊቷ ለማኖር ነበር። ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለስሁ፣ ወጣቶቹንም እያስቸገርሁ በስልካቸው እያስፈለግሁ፣ አንድ ደብተር መሙላት ጀመርሁ። የሆነው ግን ባሰብሁት አንጻር ነው። እንደ ጠበቃ የሰበሰብሁት ማስረጃ ሁሉ ለተከሳሿ መሰከረላት።

በመጀመሪያ ያገኘሁት የአገራችን የዘመናዊ ቴአትር አባት አንድ የመድፍ መኰንን መሆናቸውን ነው። እኒህም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የጦር ትምህርት ተምረው የተመለሱ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በኋላም በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተከራከሩ ሰው ነበሩ። ይኸው ሰው ከመቶ ዓመት በፊት «ፋቡላ» የተባለውን፣ አራዊትና እንስሳት የሚናገሩበትን ኮሜዲ ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። ተውኔቱ የጊዜውን ሹማምንት አሠራር የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ ታገደ። መድፍ የተማረው መኰንን በመድፍ ያልደፈረውን ነገር በእንስሳት አፍ ደፈረው ማለት ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የዘመናዊ ትምህርት ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጡ መምህር ነበሩ። ቅኔ ቤት ደግሞ በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ተማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር ፈጥሮ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲሰማ የሚያስገድድ ትምህርት ቤት ከቅኔ ቤት በቀር የት አለ? «አፋጀሽኝ»ን የመሰሉ ተውኔቶችን የጻፉት፣ ለብሔራዊ መዝሙርም ግጥም የሰጡት እኒህ የቅኔ መምህር ናቸው። በጊዜው በመድረክ ላይ የሚጫወቱላቸውም የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። እንግዲህ ከመነሻው ጀምሮ የኢትዮጵያ መድረክ የተማሩ ሰዎች መድረክ ነበር እንጂ ያልተማሩ ሰዎች መጠጊያ አልነበረም።

ወደ ኋለኛው ዘመን ስመጣ ነገሩ ባሰብኝ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ቺካጎ ከሚገኘው ከብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ተመርቆ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ሊከራከርበት ይችል የነበረውን እውቀት ትቶ፣ በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርንና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝን ለማጥናት ሄደ። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ተምሮ ተመልሶ ተዋናይም፣ ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ የብሔራዊ ቴአትር ኀላፊም ሆነ። ደበበ እሸቱ በሃንጋሪ አገር ትወናን አጥንቶ በአገር መድረክ ከመታወቅ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ተቋቁሞ ራሱ ተውኔት በዲግሪ የሚመረቁበት ትምህርት ሆነ። ስለዚህ «ቴአትር ዲግሪ የለውም» የሚለው ዋናው ክርክሬ ገና ከአፌ ሳይወጣ ወደቀ።

የውጭውንም አገር ፈለግሁ። በቴሌቪዥን ሕፃናቱን ሁሉ የሚያስቀው፣ ከአፉ ቃል የማይወጣው «ሚስተር ቢን»፣ ሮዋን አትኪንሰን፣ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በኦክስፎርድ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው ኖሯል። የአሜሪካዋ ተዋናይ ማይም ቢያሊክ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ አእምሮና ስለ ነርቭ በሚያጠናው ሳይንስ የዶክትሬት ማዕርግ አግኝታለች። በእኛ ሲኒማ ቤቶች ስንቱ ጎረምሳ ተሰልፎ ያየው የህንዱ አሚታብ ባቻን በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ተምሮ የተመረቀ ነው። እንግዲህ ቢያሊክ ወደ አእምሮ፣ ባቻን ወደ ሳይንስ፣ አትኪንሰን ወደ ኤሌክትሪክ ሄደው ሁሉም በአንድ መድረክ ተገናኙ።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ግን የጥቁር አሜሪካዊው የፖል ሮብሰን ታሪክ ነው። አባቱ በባርነት ተወልዶ ያመለጠ ሰው ነበር። ልጁ በረትገርስ ኮሌጅ ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ተመረቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1923ም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ ተቀበለ። በኒው ዮርክ በአንድ የጠበቆች ቢሮ ሥራ ቢጀምርም፣ አንዲት ነጭ ጸሐፊ ከጥቁር ሰው አፍ የሚነገር ቃል አልጽፍም ስላለችው ሥራውን ጥሎ ወጣ። በኋላም ወደ መድረክ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1930 በለንደን፣ በ1943 ደግሞ በኒው ዮርክ የሼክስፒርን ኦቴሎ ተጫወተ። በኒው ዮርክ ብቻ 296 ጊዜ ታየ። አንዲት ጸሐፊ ልትጽፈው የተጸየፈችውን ድምፅ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ሊሰሙት መጡ። ይህ ኦቴሎ ወደ አማርኛ የተመለሰውም በዚያው የሕግ ትምህርቱን ትቶ ወደ መድረክ በሄደው በጸጋዬ ብዕር ነው። ሕግ የተማሩ ሁለት ጥቁር ሰዎች ሳይተዋወቁ በአንድ ተውኔት ተገናኙ።

ደብተሬ በዚህ ዐይነት እየሞላ ሲሄድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለልጄ «እንዲህ ከሆነማ ጥሩ ነው፤ የተከበሩ ሰዎችም አድርገውታል» ብዬ በክብር ለመታረቅ የሚያበቃ ማስረጃ አግኝቻለሁና። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ይኸውም በደብተሬ ላይ የአስናቀች ወርቁ ስም አለመኖሩ ነው።

አስናቀች ወርቁ በአገራችን መድረክ ላይ ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ሴት በቴአትር መጫወቷ እንደ ነውር በሚቈጠርበት፣ የሴቶችን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት ዘመን ማግስት ስድቡን ሁሉ ችላ የወጣች ናት። ክራሯንና ድምፅዋን የማያውቅ የኔ ዘመን ሰው የለም። ዲግሪ ግን አልነበራትም፤ ስለዚህ በእኔ ደብተር ፋይል አልተከፈተላትም። ወጋየሁ ንጋቱም እንዲሁ ትዝ አለኝ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲያነብ እኔና ባለቤቴ፣ ጎረቤቶቻችንም ጭምር፣ ቡና ፈልቶ እየቀዘቀዘ እናዳምጠው ነበር። ያን ጊዜ ባለቤቴ «ይህ ሰው የት ተማረ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ከእኛም አንድ ሰው አልጠየቀም። ሬዲዮኑ ድምፅ እንጂ ወረቀት አላሳየንም።

እንግዲህ «ባለ ዲግሪ ተዋናይ» ብለን ስናደንቅ የምናደንቀው ምኑን ነው? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ለመሐንዲስ «ባለ ዲግሪ መሐንዲስ ነው» ብለን አንደነቅም። ለተዋናይ ብቻ የምንደነቀው ከመጀመሪያው ደንቈሮ ይሆናል ብለን ስለ ፈረድንበት ነው። አድናቆታችን የተሸፈነ ስድብ ነው። ወረቀቱን ሲያሳየን «ኧረ ለካ ሰው ነው!» እንደ ማለት ነው። አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ «ዘመረ» ከሚለው ከግእዙ ቃል የወጣ፣ ከዘማሪ ጋር የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ ስመን ሌላውን ረገጥነው። ልጄ «አዝማሪ ብሆንስ ምን ነውር አለበት?» ብላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከአራት ወር በኋላ መልስ ሳላገኝለት እንደገና ወደ ጆሮዬ መጣ።

እዚህ ላይ የሰፈሬን አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በስውር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ ኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት መማሩን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይኰራበታልም። ስድስት ወር ይቈያል ተብሎ ሳለ ከሁለት ወር በኋላ ድርጅቱ ስለ ጠራው ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቈይ በአገሩ ተያዘ። ይህን ሁላችን እናውቃለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ይህ ጠበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ከኦሊቨር ታምቦ ጋር በጆሃንስበርግ የጥብቅና ቢሮ የከፈተው ሰው፣ ተዋናይም እንደ ነበር ነው። በፎርት ሄር ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ስለ አብርሃም ሊንከን በተዘጋጀ ተውኔት የገዳዩን የጆን ዊልክስ ቡዝን ቦታ ተጫውቷል። በኋላም በሮበን ደሴት እስር ቤት እስረኞቹ የጥንቱን የግሪክ ደራሲ የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ሲያሳዩ፣ እርሱ የንጉሡን የክሬዮንን ቦታ ያዘ። ክሬዮን ሕጉን ከሰው አስበልጦ ቤተ ሰቡን ያጠፋ እልከኛ ንጉሥ ነው። ማንዴላ ራሱ ሕግን ስለ ጣሰ የታሰረ ሰው ሆኖ ሳለ ሕግን አጥብቆ የያዘውን ንጉሥ ተጫወተ። እንግዲህ የዚያን ንጉሥ ልብ ከውስጥ ሆኖ ለመመልከት የደፈረ ሰው፣ በኋላ ከአሳሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ለመነጋገር መብቃቱ አያስደንቅም ብዬ አሰብሁ። የሕግ ዲግሪውን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1989፣ ገና እስረኛ ሳለ ነው። ክሬዮንን ሲጫወት ዲግሪው ገና አልነበረውም።

ይህን ያነበብሁ ዕለት ራሴን አየሁት። ክሬዮን እኔ ነበርሁ። በቤቴ ውስጥ ሕግ አውጥቼ፣ ሕጉ እንዳይሰበር ስል ያለችኝን አንዲት ልጅ አራት ወር አልባ አደረግኋት።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት ትታልኝ ወጣች። በሰፈራችን የወጣቶች ማእከል አዳራሽ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ቴአትር እንደሚያሳዩ የሚናገር ወረቀት ነው። ና አላለችኝም፤ አትምጣም አላለችኝም። ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ፣ ማንም እንዳያየኝ ዘግየት ብዬ ሄጄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ።

ቴአትሩ ቀላል ነበር። በገበያ ጉሊት የምትሸጥ አንዲት መበለት ልጅዋን ለማስተማር የምትደክመውን ድካም የሚያሳይ ነው። ልጄ መበለቲቱን ሆና ወጣች። በመጀመሪያ አላወቅኋትም ብል አልዋሸሁም። ጎንበስ ብላ መጥታ ተቀመጠች፤ ሽንኩርቱን በአምስት በአምስት ደረደረች፤ አንድ ገዢ ገንዘብ ሲሰጣት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሳንቲሙን ቈጥራ ጨመረችና ጫፉን ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ቋጠረችው። ከዚያም በአውራ ጣትዋ ቋጠሮውን ጫን አድርጋ ፈተነችው።

ያ ቋጠሮ የባለቤቴ ነው። ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ በአውራ ጣት መፈተን የእርሷ ብቻ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ስትቋጥር አየኋት፤ ግን ሳየው እንደ ኖርሁ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በእኛ ቤት የነበረችው ያች ሴት ወረቀት አልነበራትም፤ ፋይልም አልነበራትም፤ በእኔ የመዝገብ ቤት ሕግ መሠረት ያልኖረች ሴት ናት። ልጄ ግን መዝግባት ኖሯል። የሳንቲሙም አቈጣጠር እንኳ ፍሬ መድኃኒት እንደሚቈጠር ጥንቁቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሰጣት ጥንቃቄና እናቷ የተወችላት እጅ በአንድ ላይ ሆነው ሲሠሩ አየሁ። ያን ጊዜ ትምህርቷ በከንቱ አልቀረም የሚል ማረጋገጫ ከልቤ ተቀበልሁ። ትምህርት ለተዋናይ የሚጠቅመው በግድግዳ ላይ ሲታይ ሳይሆን እንዲህ በጣቶቹ ውስጥ ሲገባ ነው።

በአጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ሰው እንባዬን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?» አለኝ።

«ልጄ ናት» አልሁ። ወዲያውም፣ ማን እንዳስቸኰለኝ ሳላውቅ፣ «ፋርማሲስት ናት፤ በዲግሪ በማዕርግ የተመረቀች ናት» ብዬ ጨመርሁበት።

ሰውዬውም በትሕትና፣ «እሱስ ይሁን፣ ጋሼ፤ ግን እንዴት ያለች ተዋናይ ናት!» ብሎ ፊቱን ወደ መድረኩ መለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሥራዋን አይቼ እያለቀስሁ እንኳ ልጄን ለመከላከል ወረቀት መዘዝሁ። ማንም አልከሰሳትም ነበር።

ቴአትሩ ካለቀ በኋላ በር ላይ ጠበቅኋት። ተያይዘን በእግራችን ወደ ቤት ስንወጣ መንገዱ ጨለም ብሎ ነበር። «የእናትሽን ቋጠሮ አየሁት» አልኋት።

ጥቂት ዝም ብላ፣ «ነጠላውም የእርሷ ነው፣ አባዬ። ከሣጥኑ ሳላስፈቅድህ አውጥቼው ነበር። አሁን እመልሰዋለሁ» አለችኝ።

«አትመልሺው» አልኋት።

ከዚያም ለማንም ያልነገርሁትን ነገር ነገርኋት። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን በተዘጋጀ አንድ ተውኔት የንጉሥ መልእክተኛ እንድሆን ተመርጬ ነበር። የምናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንድ ወር ሙሉ ከብት እየጠበቅሁ ለላሞቹ ስናገረው ከረምሁ። ተውኔቱ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው አባቴ ሰምቶ መጣና ከልምምዱ መካከል በእጄ ይዞ አወጣኝ። በመንገድ ላይ የተናገረኝ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነውን?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ተምሬ፣ ወረቀት ይዤ፣ መዝገብ ቤት ገባሁ። አባቴን አልወቅስም፤ እርሱም ስለ እንጀራዬ ፈርቶ ይሆናል። የሚያሳዝነኝ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳልለውጥ፣ ለልጄ ማውረሴ ነው።

እርሷም፣ «ዐረፍተ ነገሩን ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ። አስታውሰው ነበር። በዚያው በጨለማው መንገድ ላይ ቆሜ ተናገርሁት። አንድ በግ የሚጎትት ሰው ዞር ብሎ አየን።

አሁን ልጄ ጠዋት መድኃኒት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ትሄዳለች። ገቢዋ ቀንሷል፤ ይህን አልሸሽግም። ከጡረታዬ የምንሞላበት ወር አለ። ስለ ነገ ያለኝ ፍርሃትም አልጠፋም፤ ነገር ግን ዛሬ ፍርሃቴን በስሙ ጠርቼ «ልጄ፣ ፈርቻለሁ» እላታለሁ፤ እርሷም «እኔም እፈራለሁ፣ አባዬ» ትለኛለች። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አላወረድሁትም። የተደከመበት ነገር ነውና በቦታው ይኑር። ልጆቻቸው ወደ መድረክ ለሚያዘነብሉ ወላጆች የምመክረው ይህን ብቻ ነው፤ ልጃችሁን ተማር በሉት፤ ትምህርት ዐይን ነውና ተዋናይም ያለ ዐይን አይሄድም። ነገር ግን ወረቀቱን እንደ ይቅርታ ደብዳቤ በየሄደበት እንዲያሳይ አታስገድዱት። ስለ ሙያው ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ማታ ማታ አዲሱን ተውኔት ስታጠና የሌሎቹን ተዋንያን ቦታ የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች። መነጽሬን አድርጌ አነብላታለሁ። ትናንት አንዱን ቃል በችኰላ ስላለፍሁት፣ «አባዬ፣ እንደ ፋይል አታንብበው፤ ሰውዬው እኮ አዝኗል» ብላ አስቆመችኝ። እኔም እንደገና ከላይ ጀመርሁ።